ዘጠኝ ጣሳ ውኃ

«ልጅዎ ኮርጃ ተያዘች የኔታ፤ መጥተው ቢወስዷት ይሻላል!» የሚለውን የአክስቷን ድምፅ ማርያማዊት የሰማችው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር ነበር። አንደኛው ታስሯል፤ ሌላው በእጇ ቀረ። አክስቷ ደስታነሽ ኔትወርክ የሚባለውን ነገር ስለማታምነው በስልክ ስታወራ ድምፅዋን ራሷ ቋሪት ድረስ ልታደርሰው ነው የምትጮኸው፤ ስለዚህ በአልጋ ቤቱ ያደረው እንግዳ ሁሉ፣ ከአንድ ቁጥር እስከ ስምንት ቁጥር፣ የማርያማዊትን ጉድ ከቁርስ በፊት ሰማ። ከስልኩ ወዲያ ማዶ የቅኔ ተማሪዎች ሲንጫጩ ይሰማል። በመጨረሻ አባቷ «እሽ፤ መኪና አላጣም» አሉና ዘጉት።

ማርያማዊት የምትተኛው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። በአንድ በኩል የታጠፈ አንሶላ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል፤ በሌላ በኩል የሳሙና ካርቶንና ቢጫ የበረኪና ጄሪካኖች ተደርድረዋል። ሽታውን ከመልመዷ የተነሳ ኮሌጅ በገባች ሰሞን ላቦራቶሪው ቤቷ ቤቷ ሸትቷት ነበር። ደስታነሽ ከፍኖተ ሰላም መነሃሪያ ጀርባ ይህን አልጋ ቤት ከከፈተች ወዲህ የምትኖረው ለአንሶላ ንጣት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተራው ክፍል ሦስት መቶ ብር፣ ሻወር ያለው አምስት መቶ፤ «ሰው የሚከፍለኝ ለአንሶላው ነው፤ ፍራሹንማ ማን ያየዋል» ትላለች። ወንድሟ የኔታ ወልደ ዮሐንስ ግን ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም ላይ ጉባኤ ዘርግተው ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው፤ አልጋ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ደጁን ረግጠው አያውቁም። አልተጣሉም። ክፉ ቃልም አልተነጋገሩም። ልጃቸው ኮሌጅ ሲደርሳት «አክስትሽ ዘንድ ትቀመጫለሽ» አሉ፣ ደስታነሽም «ቤቷ ነው» አለች፤ ሁለቱም ይህን ያሉት ለማርያማዊት እንጂ እርስ በርስ አልነበረም። ዛሬ ደስታነሽ ስልክ አንስታ ወንድሟ ዘንድ መደወሏ ብቻ ነገሩ ምን ያህል እንዳስደነገጣት ይናገራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርያማዊት ሜዲካል ላቦራቶሪ ልትማር ኮሌጅ የገባች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ናት። የኬሚስትሪውን ኮርስ ያላለፈ ላቦራቶሪ አይመደብም፤ ሻንጣውን ይዞ ወደመጣበት ይመለሳል። ሃንድአውቱ፣ መምህሩ የሚያድለው ወረቀት፣ እንግሊዝኛ ነው። እሷ ደግሞ እንግሊዝኛውን የያዘችው ዳዊትን በያዘችበት መንገድ ነው፤ መጀመሪያ በቃል ይግባ፣ ትርጉሙ ኋላ ይደርሳል። ዳዊት ስትደግም ትርጉሙን ማን ጠይቋት ያውቃል? እናም ምዕራፍ ሦስትን ከርእሱ እስከ መጨረሻው ምሳሌ፣ ከነነጥቡ ከነኮማው፣ በአባቷ ቤት በለመደችው ዜማ እየወረደች እየወጣች አስገባችው። በጎኗ ያለው የሁለት ቁጥር እንግዳ አንድ ማታ ግድግዳውን አንኳኩቶ «እመቤቴ፣ ዛሬ የማን ማኅሌት ነው?» ብሎ ጠይቋታል።

ፈተናው ላይ እያንዳንዱን መልስ ከሃንድአውቱ ቃል ሳታጎድል ጻፈች። አንድ ጥያቄ ብቻ ትንሽ አሳስቧት ነበር። ስድስት በመቶ በረኪና ቢሰጥሽ ወደ ግማሽ በመቶ ለማቅጠን ለአንድ እጅ በረኪና ስንት እጅ ውኃ ትጨምሪያለሽ ይላል። ሃንድአውቱ ላይ ያለው አምስት በመቶ ነው። ስድስቱን አይታዋለች፣ አላየችም አይባልም። ግን በንባብ ቤት መጽሐፍ አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ገልባጭ ነው። ፈተናውን የተየበችው ልጅ አምስቱን ስድስት አድርጋ መታችው፣ ምስኪን፣ ብላ አዘነችላትና መምህሩን ላለማሳፈር ዝም ብላ ሃንድአውቱ እንደሚለው ጻፈች፤ ዋን ፓርት ብሊች፣ ናይን ፓርትስ ዋተር፣ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውኃ። አራሚው መምህር ወንዳወቅ ምን ይበል? ቁጥሩ የተለወጠውን ጥያቄ እንኳ ካልተለወጠው ወረቀት የገለበጠች ተማሪ አገኘ። ትናንት በክፍሉ ሁሉ ፊት «ይህ ከጭንቅላት የወጣ አይደለም፤ ከጉያ የወጣ ነው» አላትና ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከላቦራቶሪዋ ኃላፊ ጋር ሆነው ሊጠይቋት ቀጠራት። ካልመለሰች ዜሮ ነው። በዜሮ ደግሞ ኮርሱ አይታለፍም።

ይህን ለደስታነሽ ያደረሰችው ያምሮት ናት፤ የማርያማዊት የወንበር ጓደኛ፣ የከተማ ልጅ፣ ምላሷ ከሐሳቧ ቀድሞ የሚደርስ። ማታ መጥታ «እትዬ፣ ማርያማዊት ኮርጃለች ተብላ ነው እንጂ አልኮረጀችም» አለች። ደስታነሽ የሰማችው የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ብቻ ነው። ዛሬ ጧት ያምሮት ጥፋቷን ልትክስ ሳንዱችና የዱሮ ፈተና ፎቶ ኮፒ ይዛ መጣች፤ ፎቶ ኮፒው በቅጠል አምስት ብር ገብቷል፣ ወረቀት ሰማይ ነክቷል።

«ቺል በይ የኔ እናት፤ ኬሚስትሪ ሲስተም ነው» አለች አልጋው ላይ ተዘርፍጣ። «ፊት ትቀመጫለሽ፣ ቲቸር ፊትሽን ይለምዳል። የሲኒየሮችን ፈተና ትሰበስቢያለሽ። ግሩፕ ትገቢያለሽ። የምትሠራ ልጅ አጠገብ ትቀመጫለሽ። በቃ።»

«አንች እንዲህ አድርገሽ ስንት አመጣሽ?»

«ከሠላሳ አሥራ አራት» አለች ያምሮት ሳታፍር፤ ሁለቱም ሳቁ። ማርያማዊት ከትናንት ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ግን ሳቁ ሲያልቅ ፎቶ ኮፒውን አየችው፤ ጥያቄዎቹ ከሃንድአውቱ ጋር አንድም አይመሳሰሉም። በየመስመሩ ቁጥሩ ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ። ምዕራፍ ሦስትን ከላይ ወደ ታች ብትወርደው፣ ከታች ወደ ላይ ብትወጣው፣ ለእነዚህ መልስ አይሆንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኮረጀች ሰው ያልተማረች ልትሆን እንደምትችል ገባት።

የኔታ የደረሱት ወደ አራት ሰዓት ላይ ነው። ነጭ ጥምጥማቸውን መንገዱ አቧራ ቀብቶት፣ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው፣ የውጭውን በር አለፉና ግቢው መሐል ቆሙ። ደስታነሽ ተንደርድራ ወጥታ መስቀላቸውን ተሳለመች፤ «ይግቡ እንጂ የኔታ» አለች። «እዚህ ይሻለኛል፤ ጥላ አለ» አሉ ማንጎውን እያዩ። በግቢው ጥግ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ደስታነሽ የፕላስቲክ ወንበር አመጣች። ተመልሳ ትራስ አመጣች። ተመልሳ ውኃ አመጣችና ረቡዕ፣ የጾም ቀን፣ መሆኑ ትዝ ብሏት መንገድ ላይ ቆመች፤ ብርጭቆውን ይዛ ትንሽ ስትወላውል ቆየችና የአበባው ማሰሮ ውስጥ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ቋሪት ዘንቧል። እዚህ አልዘነበም። የማዳበሪያው ዋጋ ዘንድሮም ጨምሯል። ደስታነሽ ከፊቷ ያለውን ድንጋይ በእግሯ ትገፋው ጀመር።

የኔታ ልጃቸውን ኮርጀሻል ወይ ብለው አልጠየቋትም። በሕይወቷ ሙሉ ይህን ውለታ አትረሳውም። «እስቲ የተማርሽውን ንገሪኝ» ነው ያሉት። ማርያማዊት እንደ ድሮው እጆቿን አጣምራ ቆመችና ምዕራፍ ሦስትን ለቀቀችው። እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ወረደ። አራት ቁጥር የነበረው ነጋዴ ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ቆሞ ሰማ፤ ያምሮት ሳንዱቿን መንከሷን ረሳች። የኔታ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ መጨረሻ ድረስ አደመጡ።

«መልካም ይዘሽዋል» አሉ ስትጨርስ። «የማን ነው?»

«የመምህር ወንዳወቅ።»

«ያንችስ?»

ማርያማዊት ጥያቄውን ታውቀዋለች። ልጅ ሆና በጎጇቸው በር ተቀምጣ ስትሰማው ያደገችው ጥያቄ ነው። ዜማም ንባብም እንደተቀበሉት ይያዛል፣ ቅኔ ግን ተይዞ አያድርም። ተማሪው ሕጉን ከተማረ በኋላ ጫካ ገብቶ፣ ራሱን ሸፍኖ፣ ለብቻው አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፣ ይደርሳል ማለት ነው፤ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ ትናንት የነገረውን ዛሬ ከደገመ፣ ወይም የሌላውን አምጥቶ ከነገረ፣ የኔታ «ይህ ያደረ ነው» ብለው በባዶ እጁ ይመልሱታል። ስንቱ ጎረምሳ በዚያች ቃል አልቅሶ ሲወጣ አይታለች።

«ንባብ ቤት ሆነሽ ነው የከረምሽው» አሉ አባቷ በለዘበ ድምፅ። «ጥንቅቅ አድርገሽ ይዘሽዋል፤ ይህን ማንም አይነጥቅሽም። ነገር ግን ሕግ የሚያዘው ሊቆጠርበት ነው። እኔ ይህን ያንችን ትምህርት አላውቀውም፤ ቅኔ ያልቆጠረ ተማሪ ግን ሳየው አውቀዋለሁ። ሂጅና ቁጠሪ። ከጉባኤ ቃና ጀምሪ፣ ከትንሿ። ስትደርስልሽ መጥተሽ ንገሪኝ።»

«አባየ፣ ዘጠኝ ሰዓት እኮ ነው ቀጠሮው!»

«እሱማ የአንድ ቅኔ ዕድሜ አለሽ» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ።

ከቤቱ ጀርባ የልብስ ማጠቢያው ቦታ ነው፤ ሲሚንቶ ገንዳ፣ ገመድ፣ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠቡ አንሶላዎች። ማርያማዊት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ አንሶላዎቹ መሐል ቁጭ አለች። ምንም አልመጣላትም። ዋን ፓርት፣ ናይን ፓርትስ፤ ዋን ፓርት፣ ናይን ፓርትስ። አምስት በመቶ ግማሽ የሚሆነው በአሥር ሲካፈል አይደለም እንዴ? ታዲያ ዘጠኙ ከየት መጣ? ይህን ያህል ጊዜ ስታዜመው ዘጠኙን አንድ ቀን እንኳ ከየት መጣህ ብላው አታውቅም። ብድግ ብላ ጣሳ አነሳች። ከበረኪናው አንድ ጣሳ ቀድታ ባልዲው ውስጥ ገለበጠች፤ ከቧንቧው ውኃ አንድ፣ ሁለት እያለች ዘጠኝ ጨመረች። ባልዲው ውስጥ ያለው አሥር ጣሳ ሆነ። አሥር! በረኪናው ራሱ አንዱን ቦታ ይዟል፤ ለውኃ የቀረው ዘጠኝ ነው። አምስቱ ኃይል ለአሥር ጣሳ ተካፍሎ ለየአንዳንዱ ግማሽ ደረሰው። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለም። ስድስት ቢሆንስ? ስድስት ለግማሽ ግማሽ ሲካፈል ለአሥራ ሁለት ይደርሳል፤ አንዱ የበረኪናው ነው፤ ውኃው —

«አሥራ አንድ!» ብላ ጮኸች። የተየበችው ልጅ አልተሳሳተችም! ያዘነችላት ምስኪን ልክ ነበረች፤ ምስኪኗ ሌላ ናት። አፈረች፤ ግን እፍረቱ ሊቀመጥ ቦታ አላገኘም፤ ደስታው ቀድሞ ሞልቶታል። አራት በመቶስ? ሰባት። ሦስትስ? አምስት። እንደ በቆሎ ፍሬ ከእጇ ይፈለፈል ጀመር። ነጠላዋ መሬት ወድቋል፤ አላወቀችም። እየሮጠች ወደ ማንጎው ሄዳ ስድስቱን ነገረቻቸው። የኔታ አንድም ነገር ሳይገባቸው ጥቂት አሰቡና «ይህ የሰው ቤት ነው፤ በሩን ቀይረሽ መጣሽ» አሉ። «ሌላ።» አራቱን፣ ሦስቱን ይዛ ሄደች። «እነዚህ እኅትማማች ናቸው። ሌላ።» ያምሮት ተናድዳ «ምን ይፈልጋሉ?» ብላ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። ማርያማዊት ግን አልተናደደችም። የሚፈልጉትን አውቃዋለች፤ አባቷ በእሷ ላይ እንደ ተማሪ ፊታቸውን ሲያጠቁሩባት ይህ የመጀመሪያ ነው፣ ልቧ ሊዘል ምንም አልቀረው።

ወደ ጓሮ ስትመለስ ደስታነሽን ባልዲው አጠገብ ቆማ አገኘቻት። «በረኪናዬን! በዚህ ኑሮ፣ አንድ ጄሪካን ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ?» አለች። ከዚያም እንዳለቀሰ ሰው ድምፅዋ ወረደ፤ «ደግሞ ድሮም ምን ጠቀመ። አንሶላው ከፋሲካ ወዲህ አልነጣ ብሎኛል፤ ሻይ የነከሩት ነው የሚመስለው።»

ማርያማዊት ገመዱ ላይ ያለውን አንሶላ አየች። እውነትም ወይቧል። ጄሪካኑን አየች፤ አምስት በመቶ ይላል። ክዳኑ ግን ከሱቅ ሲመጣም አልታሸገም ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ከመሬት አንስታ አራገፈችና መልሳ ተከናነበች፤ አክስቷን ጨርሳ ረሳቻት። ደስታነሽ «አንች ልጅ፣ ምን ነካሽ?» አለች።

ለአራተኛ ጊዜ ማንጎው ሥር ቆመች። «አንድ ባለሱቅ ነበረ አባየ። ሙሉ ጄሪካን በረኪና ነበረው፣ አምስት በመቶ። ግማሹን በጠርሙስ እየቀዳ ሸጠና ጄሪካኑን በውኃ ሞላው። አንዲት ሴት ሙሉ ነው ብላ ገዛችው። ቤቷ ወስዳ እንደ ወትሮዋ ለአንድ ጣሳ ዘጠኝ ጣሳ ውኃ ጨመረችበት። አንሶላው አልነጣላትም። ስንት ጣሳ ውኃ መጨመር ነበረባት?»

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። «ስንት ነበረባት?»

«አራት። ባለሱቁ ኃይሉን በግማሽ ስለቆረጠው ሁለት ተኩል ነው የቀረው፤ ለአምስት ጣሳ ብቻ ነው የሚዳረስ። አንዱ የራሱ፣ አራቱ የውኃ።»

«ለካስ!» አለች ደስታነሽ ከኋላዋ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለካስ! ያ ቀጣፊ! እኔ እኮ ሳሙናውን ነበር የምረግም!» ወዲያው ጣሳውን ከማርያማዊት እጅ ነጥቃ ወደ ጓሮ ሄደች፤ አንድ በረኪና፣ አራት ውኃ እያለች ጮክ ብላ ስትቆጥር ተሰማች።

የኔታ ወደ እኅታቸው ድምፅ አቅጣጫ ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «ይህን ከማን ሰማሽው?»

«ከማንም።»

«ቁጭ በይ» አሉ። በእሳቸው ጉባኤ ቁጭ በል የሚባለው ቅኔው የቀናለት ብቻ ነው። ማርያማዊት እግራቸው ሥር፣ ድንጋዩ ላይ፣ ቁጭ አለች፤ ያምሮት ምን እንደተፈጠረ ባይገባትም አጨበጨበች።

ባጃጁ ከሁለቱ ልጆች ሠላሳ ብር ተቀብሎ ኮሌጁ በር አወረዳቸው። ያምሮት በረንዳው ላይ ቀረች። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ የተሰነጠቀ የእጅ መታጠቢያ፣ ግድግዳው ላይ ጫፉ የተቀደደ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ። መምህር ወንዳወቅ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በእርማት ቀልቷል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ የተሰላቸ ሰው ነው። ከጎኑ የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ወንዳወቅ ሃንድአውቱን ራሱ ያዘና «አልኮረጅኩም ካልሽ ምዕራፍ ሦስትን በቃልሽ ንገሪኝ» አለ። ማርያማዊት እጆቿን አጣመረች። አንደኛውን ገጽ ስትጨርስ ወንዳወቅ ቀና ብሎ አያት። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን መከተል ትቶ አፏን ያይ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ወይዘሮ አስካለ ማርያም «በቃ፣ በቃ! የገጹን ቁጥር ሳይቀር እያነበበችልህ ነው» ብለው ሳቃቸውን ለቀቁት።

ወንዳወቅ ሃንድአውቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል። «በክፍል ፊት የተናገርኩትን በክፍል ፊት አነሣዋለሁ» አለ። «አልኮረጅሽም። ሃያ ሰባት ከሠላሳ፤ ማርክሽ ነው። ሂጂ።»

ሃያ ሰባት! ሄዳ ለያምሮት ብትነግራት ጩኸቷ ቡሬ ድረስ ይሰማል። ኮርሱ አለፈ ማለት ነው። ማርያማዊት ወደ በሩ ዞረች፤ ግን እግሯ እምቢ አላት። ሃያ ሰባቱ የማን ነው? የሰማችው ይህን ብቻ ነው። አባቷ ማንጎው ሥር ሆነው የጠየቋት መስሏት ነበር። ደግሞ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጀግንነት ብቻም አልነበረም፤ ጧት የፈላው ነገር ገና አልበረደም፤ ያልታወቀ ቁጥር እንዲሰጧት የተራበች ያህል ጓጉታ ነበር።

«መምህር፣ የስድስት በመቶውን ጥያቄ ተሳስቻለሁ። ሌላውንም በቃሌ እንጂ ገብቶኝ አልጻፍኩትም። ሃንድአውቱ ላይ የሌለ ነገር ይጠይቁኝ።»

ወንዳወቅ ሰምቶት የማያውቅ ነገር ነው። «አዲስ ጥያቄ ከጠየቅኩሽ ማርኩም በአዲሱ ነው። ዝቅ ቢል መመለስ የለም። ወድቀሽም ልትወጪ ትችያለሽ» አላት።

«እሽ።»

«አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ» አለችና ያለ ፈቃድ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አራት በመቶ በረኪና አለ፤ ግማሽ በመቶ የሆነ ሁለት ሊትር አዘጋጂ አላት። ዓይኗን ጨፈነች፤ ባልዲው መጣላት። ለስምንት ይዳረሳል፤ ሁለቱ ሊትር ለስምንት ሲከፈል ሩብ ሊትር፤ እሱ የበረኪናው፣ የቀረው የውኃ። ለምን አላት። ለምኑንም ነገረችው፤ በአማርኛ፣ በጣሳ፣ በእጇ አየሩ ላይ እየቀዳች። ሁለት የተለያዩ በረኪናዎች ብትቀላቅይስ አላት፤ እሱንም ትንሽ ተንገዳግዳ ወጣችው። ከዚያ ስለ አሲድ ጠየቃት፤ ጨርሶ ሳተች። ወንዳወቅ ሲያስረዳት ጎንበስ ብላ ሰማች፤ ሲጨርስ «ታዲያ ውኃ ብጨምርበት?» ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ተፈታኝ መሆኗን ረስቶ መለሰላት። በመጨረሻ ወይዘሮ አስካለ ማርያም «አንድ የራስሽን ጠይቂን» አሏት። ያን ባለሱቅ አወጣችላቸው። ወንዳወቅ እስክሪብቶ ፈልጎ ወረቀት ላይ ቆጠረና አራት ላይ ሲደርስ ሳቀ። «ይህን ለሚቀጥለው ፈተና እወስደዋለሁ» አለ።

ሃያ ሦስት ሰጣት። «አራት ማርክ ከሰርሽ፤ ይቆጭሻል» አላት፤ ፊቷን ሲያይ ግን እንዳልቆጫት አወቀ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም በሩን እየከፈቱላት «ሰኞ ላቦራቶሪ ነይ፤ በረኪናውን አንች ታዘጋጂልኛለሽ» አሏት።

የገበዝ ማርያም የመጨረሻ መኪና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል። ማርያማዊት መነሃሪያው ስትደርስ ትንፋሿ ተቆራርጧል። የኔታ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ደስታነሽ ቆማለች፤ የጾም ስንቅ በጨርቅ ቋጥራ ወደ ላይ ዘርግታለች። የኔታ ስንቁን ተቀበሉና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «በሚቀጥለው ስመጣ ቤትሽን አያለሁ» አሏት፤ ደስታነሽ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ማርያማዊት በመስኮቱ ጠርዝ ተንጠልጥላ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወራቻቸው፤ ሃያ ሰባቱን፣ ሃያ ሦስቱን፣ የሳተችውን አሲድ፣ ባለሱቁን። እህ ብለው ሰሙ። ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። እንኳን ደስ አለሽ ይሉኛል ብላ ጠበቀች፤ በሕይወቷ እንዲህ ጠብቃ አታውቅም።

«ባለሱቁ እንግዲህ አደረ» አሉ የኔታ። «የነገውን ቁጠሪ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ማርያማዊት ጮክ ብላ ሳቀች፤ ሰው ሁሉ እስኪያያት ሳቀች። ይህን ቃል አባቷ የሚሉት ለተማሪ ብቻ ነው። ደስታነሽ «ምን አሉሽ? ምን አሉሽ?» እያለች ክንዷን ስትጎትታት እሷ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበችና የነገውን ትቆጥር ጀመር።